ሳንታ ባርባራ፦ ሪጎቹ ይነሱ ወይስ ይቆዩ?

ቀዛፊው፦
ሰላም ለቤቱ። ሳንታ ባርባራ (ካሊፎርኒያ) ለምትኖሩም፣ ለእረፍት ብቅ ለምትሉም ጥያቄ አለኝ። ለትምህርት እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ስተርንስ ዋርፍ (ወደ ባሕሩ የገባው የእንጨት መድረክ) ጫፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ባሕሩ ስታዩ፣ ቀኑ ጥርት ካለ፣ ከደሴቶቹ ቀድመው ዓይን ውስጥ የሚገቡት የነዳጅ ፕላትፎርሞቹ፣ ማለትም ባሕር ላይ የቆሙት የዘይት መቆፈሪያ ሪጎች ናቸው። ማታ ደግሞ መብራታቸው ተደርድሮ ሌላ ከተማ ይመስላል።

ይህች ከተማ የምትበላው ከመልኳ ነው። በ1925 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የመሬት መንቀጥቀጥ ካፈራረሳት በኋላ መሃል ከተማውን ነጭ ግድግዳና ቀይ የሸክላ ጣሪያ አልብሳ እንደገና ሠራችው። እስከ ዛሬ ሱቅ የሚከፍት ሰው በሩ ላይ የሚሰቅለው ታፔላ ሳይቀር ደንብ ወጥቶለታል። ለታፔላ እንዲህ የምትጨነቅ ከተማ ፊት ለፊቷ የተገተረውን የብረት ክምር እንዴት ቻለችው? እኔ በበኩሌ ነቅለው ይውሰዱልን ባይ ነኝ። ቱሪስቱ የሚከፍለው ለእይታው ነው። የሚቃወም ካለ ልስማ።

ጠጠር፦
መጀመሪያ መኪናህን ሽጥ፣ ከዚያ ሪጉን እንነቅላለን።

ቀዛፊው፦
ሳይክል ነው የምነዳው ጌታዬ።

ጠጠር፦
ጎማው ከምን የተሠራ መሰለህ?

ብረት ቆጣሪ፦
ጠጠር ዛሬም አልተኛም።

ቀዛፊው ወንድሜ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ የተነሳህበት ቦታ ግን ያሳስትሃል። ዓይንህን የሚቆረቁርህ ሌላ፣ ከተማዋን የጎዳት ሌላ ነው። በቧንቧ ምርመራ ሥራ ብዙ ስለቆየሁ ትንሽ ላስረዝም፣ ታገሱኝ።

«እንዴት ቻለችው» ላልከው፣ ወዳ አይደለም። ከባሕሩ ዳር እስከ 3 የባሕር ማይል ያለው የካሊፎርኒያ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የፌዴራል መንግሥት። ካሊፎርኒያ በ1955 ከከተማዋ ፊት ለፊት ያለውን የራሷን ውኃ ከቁፋሮ ከልላ ነበር። ፌዴራሉ ግን በፌብሩዋሪ 1968 ከመስመሩ ወዲያ ያለውን ለጨረታ አቀረበና ወደ 603 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። ከተማዋ ጮኸች፣ የሰማት የለም።

ዓመት ሳይሞላው፣ ጃንዩወሪ 28 ቀን 1969፣ የዩኒየን ኦይል ፕላትፎርም ኤ ላይ የሆነውን ሁሉም ሰው «ፍንዳታ» ብሎ ያልፈዋል። እንዴት እንደሆነ ማየት ግን ደግ ነው። ጉድጓድ ሲቆፈር የላይኛው ክፍል በብረት ቱቦ ይለበጣል፤ ከታች የሚመጣው ግፊት ላላ ባለው አለት ውስጥ እንዳይሾልክ። ደንቡ የመጀመሪያው ቱቦ ቢያንስ 300 ጫማ ይውረድ ይላል። ኩባንያው ልዩ ፈቃድ ጠየቀ፣ የፌዴራሉ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ፈቀደ፣ ቱቦው 239 ጫማ ላይ ቆመ። ቀጥሎ መግባት የነበረበትም ሳይገባ ወደ 3,500 ጫማ ተቆፈረ። የመሰርሰሪያውን ዘንግ መዘው ሲያወጡ ግፊቱን ተጭኖ የያዘው ጭቃ አልበቃ አለና ጋዙ ገነፈለ። ሠራተኞቹ አናቱን ዘጉት፤ የሚጠበቅባቸውን ነው ያደረጉት። ግፊቱ ግን ቱቦ ባልለበሰው ጎን በኩል አለቱን ሰነጣጥቆ የባሕሩን ወለል ቀደደው። ፕላትፎርሙ እንደቆመ ነው፤ የፈላው ከእግሩ ሥር ያለው ባሕር ነው።

ዋናውን ፍሳሽ ለመድፈን ጭቃና ሲሚንቶ እየገፉ 10 ቀን ያህል ፈጀ። ከ80,000 እስከ 100,000 በርሜል እንደፈሰሰ ይገመታል። የሞቱ ወፎች የተቆጠሩት ብቻ ከ3,600 በላይ ናቸው። አሸዋው ላይ ጭድ በትነው፣ ዘይቱን ሲጠጣ በመንሽ እየሰበሰቡ ነበር የሚያጸዱት። ወደቡ ውስጥ የነበሩት ጀልባዎች ወገባቸው ድረስ ጠቆሩ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ራሱ መጥቶ አሸዋው ላይ ቆሞ አየ። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ቀን የአገሪቱን የአካባቢ ፖሊሲ ሕግ ፈረመ፤ በኤፕሪል የመጀመሪያው የምድር ቀን ተከበረ። በ1974 ከተማዋ፣ ካውንቲው (ከተማዋ ያለችበት አውራጃ)፣ ግዛቲቱና ጎረቤቷ ካርፒንቴሪያ በጋራ ያገኙት ካሳ ወደ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ከ603ቱ ጋር አስተያዩት።

የጎደለው የመጀመሪያ ቱቦ 61 ጫማ ነው። ከዋርፉ ጫፍ ቆሞ ይህን ያየ ሰው የለም፣ ሊያይም አይችልም።

ቀዛፊው፦
ስለ 1969 በክፍል ተምረናል፤ የቱቦውን ነገር ግን አሁን ነው የሰማሁት። እሺ፣ ይህ ከ50 ዓመት በላይ ሆነው። ዛሬስ?

የአንሶላ እመቤት፦
ዛሬን ከኔ ጠይቅ ልጄ። ሆቴል ነው የምሠራው፣ ክፍል ማጽዳት።

እዚህ ባሕር ዳር በባዶ እግሩ የሄደ ሰው ተረከዙ ሥር ጥቁር ሬንጅ ሳይለጠፍበት አይመለስም። እንግዳው አያውቅም። ገብቶ ነጩን ምንጣፍ ይረግጣል፣ ነጩን ፎጣ ይጠርግበታል፣ ገንዳው ውስጥ ገብቶ በሳሙና ይፈትጋል። ሳሙና ጭራሽ ያሰፋዋል። የሚያነሳው ቅባት ነው፤ የሕፃን ቅባትም ሆነ የምግብ ዘይት ጠብ አድርገህ ቀስ እያልክ ታሸዋለህ፣ ከዚያ በወረቀት ትጠርጋለህ። ፎጣው ግን ወደ ቆሻሻ ነው። ከዚያ እንግዳው እንግዳ መቀበያው ጋ ወርዶ «ነዳጅ ፈሷል፣ ለምን አልነገራችሁንም» ብሎ ይቆጣል። አልፈሰሰም ጌታዬ፣ ባሕሩ ራሱ ነው የሚተፋው ብንለው ማን ያምናል?

በሜይ 2015 ደግሞ ከነዳጅ ቧንቧ እውነት ፈሰሰ። ሬፉጂዮ የሚባለው ባሕር ዳር ነው፣ ከከተማው በስተምዕራብ 30 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ሜሞሪያል ዴይ (በሜይ መጨረሻ ያለው በዓል) ሊሆን ቀናት ሲቀሩት! እኛ ያን ቅዳሜና እሁድ ዓመቱን ሙሉ ነው የምንጠብቀው። በቴሌቪዥን የጠቆረ አሸዋ ታየ፣ ስሙ «ሳንታ ባርባራ» ተባለ፣ አለቀ። ደንበኛ ካርታ አያይም። ክፍል እየተሰረዘ የኛም ሰዓት ተቆረጠ። በሰዓት ለሚከፈለው ሰው ካሳ የሚባል ነገር ደጁ አልደረሰም፤ እኔ ቢያንስ አላየሁም።

ስለ እይታው ግን፣ ከሪጉ የተነሳ ክፍል ይቀየርልኝ ያለ እንግዳ እስካሁን አልገጠመኝም። ብዙዎቹ መርከብ ይመስላቸዋል።

ቀዛፊው፦
እትዬ፣ ይህ «ባሕሩ ራሱ ይተፋዋል» የሚሉት ግን እውነት ነው ወይስ የኩባንያዎቹ ወሬ? ከከተማው በስተምዕራብ ያለው ባሕር ዳር፣ ኮል ኦይል ፖይንት ጋ በሄድኩ ቁጥር ሽታው ራስ ያዞራል።

የአለት ልጅ፦
እውነትም ነው፣ የኩባንያዎቹም ወሬ ነው። ሁለቱም።

ኮል ኦይል ፖይንት ፊት ለፊት ያለው የባሕር ወለል ስንጥቅጥቅ ስለሆነ ከ100 እስከ 150 በርሜል ዘይት በየቀኑ ራሱ ያመነጫል፤ በዓለም ላይ ከሚታወቁት ትልልቆቹ አንዱ ነው። ሪግ ከመኖሩ ከብዙ ዘመን በፊት የነበረ ነገር ነው። የአገሩ ባለቤቶች ቹማሾች ቶሞል የሚባለውን የሳንቃ ጀልባቸውን ኖኅ መርከቡን በቅጥራን እንደለቀለቀው በዚሁ ሬንጅ ይደፍኑት ነበር። በ1769 ያለፉት ስፔኖች ይህን የጀልባ ሥራ አይተው ነው ቦታውን ካርፒንቴሪያ፣ የአናጺ ቤት፣ ያሉት።

ክርክሩ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። በ1999 የሳንታ ባርባራው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚያው አጠገብ ባለው ፕላትፎርም ሆሊ አካባቢ ዘይት መውጣቱ የከርሰ ምድሩን ግፊት ስለቀነሰ በአቅራቢያው ያለው የተፈጥሮ ፍሳሽ በግማሽ ያህል ቀንሷል ብለው አሳተሙ። ኩባንያዎቹ ይህችን ይዘው «መቆፈር ባሕሩን ያጸዳል» ማለት ጀመሩ። ጥናቱ የሚያወራው ስለ አንድ ሜዳና ስለ ዙሪያው ነው። ከዚያ ተነስቶ ሌላ ቦታ ቁፋሮ ይፈቀድ ማለት ሌላ ዝላይ ነው። ደግሞም የተፈጥሮው ፍሳሽ ጥቂት በጥቂት፣ በሰፊ ቦታ ነው፤ ነፋስና ባክቴሪያ ይበላዋል። የ1969ኙ ባንዴ ነው የመጣው። ይህ ልዩነት በበርሜል ብዛት ብቻ አይነገርም።

የእግር ሥር ሬንጅ የማን እንደሆነ ላብራቶሪ መለየት ይችላል። እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሞ ግን ማንም አይለይም፤ ኩባንያውም የሚደበቀው እዚያ ጋ ነው።

ሰሜን ካውንቲ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና እዚህ ክር ላይ አንድ የጎደለ ሰው አለ። ሳንታ ማሪያ ነው የምኖረው። ያው ካውንቲ ነን፣ ግን ከናንተ ቀይ ጣሪያ እኛ ጋ የሚደርስ ነገር የለም። ባለቤቴ በነዳጅ ሜዳ ነው ልጆቻችንን ያሳደገው። ኮሌጅ ያልገባ ሰው ቤት የሚገዛበት ደመወዝ እዚህ ሁለተኛ የለም። «ቱሪዝም አለ» ትሉናላችሁ። አለ፤ የአንሶላ እመቤት ራሷ ሰዓቴ ተቆረጠ እያለችህ ነው እኮ።

በ2014 ፍራኪንግና (አለቱን በውኃ ግፊት እየሰነጠቁ ዘይት ማውጣት) መሰል አወጣጦችን ልታስቆም የነበረችው ሐሳብ ለካውንቲው ሕዝብ ቀርባ በሰፊ ልዩነት ወደቀች። ሁሉም ሰው ከዋርፉ ጫፍ ላይ ቆሞ አይደለም የሚያስበው። ከዚያ ቧንቧው በ2015 ሲቆም ዘይቱን በቦቴ ለማመላለስ ተጠየቀ፤ በ2022 ካውንቲው ከለከለ። እሺ ይከልክል፣ መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ቦቴ ይገለበጣል። ግን ሥራ ለፈታው ማን ምን አቀረበለት?

የአንሶላ እመቤት፦
እህቴ፣ አልተከፋሁብሽም። ልክ ነሽ፣ የኛ ደመወዝ እዚህ ከተማ ኪራይ አይከፍልም። ግማሾቻችን ከቬንቹራና ከሎምፖክ ነው የምንመላለሰው። ግን ባለቤትሽ ሥራ የሚያገኝበት ቧንቧ ሲበሳ እኔም ሥራ አጣለሁ፣ እሱም ያጣል። ሁለታችንንም ጥሎን የሄደው አንዱ ቀዳዳ ነው።

ሰሜን ካውንቲ፦
ይህችን አልክድም።

ወደብ ሠፈር፦
ከሎንግ ቢች ነኝ። እይታ እይታ ለምትሉት፣ እኛ ጋ ነገሩ በ1965 ተፈቷል፣ ከፈለጋችሁት። ከተማው ፊት ለፊት ባሕሩ ውስጥ 4 ሰው ሠራሽ ደሴቶች ተሠሩ። በሥራ ላይ ሕይወታቸውን ባጡ ጠፈርተኞች ነው የተሰየሙት፦ ግሪሶም፣ ዋይት፣ ቻፊ፣ ፍሪማን። ማማዎቹ እንደ አፓርታማ ሕንጻ ተሸፍነው ቀለም ተቀብተዋል። ዘንባባ አለ፣ ፏፏቴ አለ፣ ማታ ባለ ቀለም መብራት አለ። ለማስዋቢያው ብቻ ወደ 10 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል፣ በዚያን ጊዜ ገንዘብ። እንግዳ የመጣ ሰው «ያ ሪዞርት ሌሊቱን ስንት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። የነዳጅ ጉድጓድ ነው ብለው ሳቀብኝ።

ከዚያ በፊት ደግሞ ከሥር ዘይቱ ሲመጠጥ መሬቱ ሰመጠ። ወደቡ አካባቢ እስከ 29 ጫማ! በ1950ዎቹ ውኃ ወደ ታች መግፋት ተጀምሮ ነው የቆመው። አሁንም ዘይት ባወጡ ቁጥር ውኃ ይመልሳሉ። ገንዘቡ ደግሞ ለከተማውም ለግዛቱም ስለሚገባ፣ «ይነሳ» የሚል ሰው ድምፅ ብዙ አይሰማም። የሳንታ ባርባራ ቁጣ ግማሹ ጌጡ ስለጎደለ፣ ግማሹ ደግሞ ድርሻው ስለጎደለ ይመስለኛል። ተቆጡኝ።

ጠጠር፦
ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት የተናገረ ሰው አገኘን።

ቀዛፊው፦
ፏፏቴ??? በሉ ፎቶ አምጡ።

ብረት ቆጣሪ፦
ወደብ ሠፈር፣ ስለ ድርሻው ያልከው ያስኬዳል። ግን አስተውል፣ ሎንግ ቢች ዘንባባ ተክላ የሸፈነችው የሚታየውን ነው። ከጎናችሁ ያለችው ሀንቲንግተን ቢች በኦክቶበር 2021 ምን ገጠማት? ከወራት በፊት በማዕበል ቀን የጭነት መርከቦች መልሕቃቸውን እየጎተቱ የባሕር ሥር ቧንቧ ሳቡ። በኋላ ቧንቧው ሲሰነጠቅ ወደ 25,000 ጋሎን ፈሰሰ፤ ባሕር ዳሩ ተዘጋ፣ ሰዉ የተሰበሰበለት የአየር ትርኢት የመጨረሻ ቀኑ ተሰረዘ። አሁንም ቧንቧ።

የ2015ቱን በቅርብ ልንገራችሁ፣ ሙያዬ ስለሆነ። መስመር 901 ይባላል፤ ባለቤቱ ፕሌንስ ኦል አሜሪካን ነበር። የተቀበረው የብስ ላይ ነው፣ ባሕር ውስጥ እንኳን አይደለም። እዚህ የሚወጣው ዘይት ወፍራም ስለሆነ እንዲፈስ ይሞቃል። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ቧንቧው ፎም ይለብሳል፣ ከላይ ደግሞ ፕላስቲክ ይጠቀለልበታል። ያ ጥቅልል አንድ ቦታ ከላላ እርጥበት ይገባል፤ የገባው አይወጣም። ብረቱ ሞቃት ነው፣ ፎሙ ርጥብ ነው፣ አየር አለ። ለዝገት ከዚህ የተመቸ ቤት የለም። ለዝገት መከላከያ የሚላከው ኤሌክትሪክ ደግሞ በፎሙ ተከልሎ ብረቱ ጋ በደንብ አይደርስም።

ውስጡን እየተጓዘ የሚለካ መሣሪያ አለ፣ ፒግ እንለዋለን። ከፍሳሹ ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት አልፎ ነበር። በተበሳው ቦታ የጠፋው ብረት ከግማሽ በታች ነው አለ። ሜይ 19 ከተቀደደ በኋላ ሲመረመር ግን የጠፋው 89 በመቶ ነበር። ከ9 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት የቀረው 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። መቆጣጠሪያ ክፍሉ ቴክሳስ ሚድላንድ ነው። በዚያ ካውንቲ ያሉት ሌሎች መስመሮች ግፊት ሲወርድ ራሱን የሚዘጋ ቫልቭ ሲኖራቸው ይሄኛው አልነበረውም፤ የፌዴራል እንጂ የካውንቲ ቁጥጥር አይመለከተኝም ብሎ ስለተከራከረ። ዘይቱ ከአውራ ጎዳና 101 ሥር ባለው የውኃ መውረጃ ቱቦ አድርጎ ባሕር ገባ። በአጠቃላይ ከ120,000 ጋሎን በላይ ፈሰሰ።

በ2018 የግዛቲቱ ፍርድ ቤት የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ኩባንያውን በአንድ ከባድ ወንጀልና በ8 ቀላል ጥፋቶች ጥፋተኛ አሉት፤ ቅጣቱ ወደ 3.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ዓሣ አስጋሪዎችና የባሕር ዳር ንብረት ባለቤቶች በ2022 በ230 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። እትዬ አንሶላ፣ ዝርዝሩ ላይ ክፍል አጽጂ አልነበረም።

የአንሶላ እመቤት፦
ታዲያ እኮ።

ዋናተኛው፦
ሁላችሁም ከላይ ነው የምታዩት። እኔ በትርፍ ጊዜዬ እጠልቃለሁ። ከፕላትፎርም እግር ሥር ስትወርድ ብረቱ አይታይም፤ ከላይ እስከ ታች ዛጎል ለባሽ እንስሳ፣ አበባ የሚመስለው አኒሞን፣ ባለ ቀለም ስፖንጅ ነው። ሮክፊሽ የሚባለው ዓሣ ተደርድሮ ያይሃል፣ አይሸሽም። በ2014 የታተመ ጥናት የካሊፎርኒያ ፕላትፎርሞች በቦታ ስፋት ሲሰላ በዓለም ከተለኩት የዓሣ መኖሪያዎች ሁሉ በላይ አምራች ናቸው ብሏል። ስለዚህ «ነቅለው ይውሰዱልን» ማለት ይህንንም መንቀል ነው። ከ2010 ጀምሮ ግዛቲቱ የላይኛው ተቆርጦ የታችኛው ሪፍ (የዓሣ መጠለያ) ሆኖ የሚቀርበትን መንገድ በሕግ ከፍታለች፤ እስካሁን ግን በዚያ ያለፈ አንድም የለም። ኩባንያዎቹም ይህን መንገድ የሚወዱት ለዓሣው ብለው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ማስነሻው እጅግ ውድ ስለሆነ ነው።

ቀዛፊው፦
ጭራሽ አወሳሰባችሁብኝ። ማስነሳቱን እሺ እንተወው፣ ግን ኩባንያው ቢከስርስ?

የአለት ልጅ፦
ሆሊን ያየ ይህን ጥያቄ አይረሳም። በግዛቲቱ ውኃ ውስጥ የቀረ ብቸኛው የዚህ አካባቢ ፕላትፎርም ነው። የ2015ቱ ቧንቧ ሲቆም የሆሊ ዘይትም መውጫ አጣ። ባለቤቱ ቬኖኮ በ2017 ከሰረና ፈቃዱን መልሶ ሄደ። 30 ጉድጓዶችን የማሸጉ ጣጣ በግዛቲቱ እጅ ወደቀ፤ ወጪውን የሚካፈል የቀድሞ ባለቤት መኖሩ ነው የበጃት። በጎረቤት መንደር ሰመርላንድ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። በ1890ዎቹ ከእንጨት ድልድይ ላይ ሆነው የቆፈሯቸው፣ በአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ የባሕር ውስጥ ጉድጓዶች ናቸው። ባለቤቶቹ ድሮ ሞተዋል፣ ጉድጓዶቹ አሁንም ያንጠባጥባሉ። በ2017 በወጣ ሕግ ለነዚህ ወራሽ አልባዎች በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን ዶላር ከሕዝብ ገንዘብ ይመደባል።

ብረት ቆጣሪ፦
ቀዛፊው፣ እንግዲህ ስለ ማየት ካነሳህ የሚታየውን ሳይሆን ሰነዱን ተመልከት። መስመር 901ም፣ በ2015 የቆሙት 3ቱ የኤክሶን ፕላትፎርሞችም በ2024 ሳብል ኦፍሾር ለሚባል ኩባንያ ተላልፈዋል። ያንኑ ቧንቧ ጠግኖ ዘይት ለማስተላለፍ ነው የተነሳው። የባሕር ዳር ኮሚሽኑ ያለ ፈቃድ ሠርተሃል ብሎ በኤፕሪል 2025 18 ሚሊዮን ዶላር ቀጥቶታል፤ ኩባንያው ደግሞ የድሮው ፈቃድ ይበቃኛል ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ከፎሙ ሥር ያለው ብረት ስንት ቦታ ተቆፍሮ በዓይን ታየ? ለማንሳትና ለማሸግ የሚሆነው ገንዘብ ዛሬ በማን ስም ተቀምጧል? እነዚህ ጥያቄዎች ተመልሰው ዘይቱ በቧንቧው ይለፍ ቢባል እንደ ሰሜን ካውንቲ ሰው አልቃወምም። ሳይመለሱ ግን ሪጉን በዘንባባ ቢሸፍኑልኝም አልተኛም።

ሰሜን ካውንቲ፦
ባለቤቴም ይህንኑ ነው የሚለው፣ ብታምኑም ባታምኑም። የሚሠራበትን ብረት ማንም ከሱ በላይ አይፈራውም።

ቀዛፊው፦
ይህን ሁሉ የት ሄጄ ነው የምጠይቀው?

ብረት ቆጣሪ፦
የካውንቲው ቦርድ ስብሰባ። ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ማንም ሰው ተነስቶ መናገር ይችላል።

የአንሶላ እመቤት፦
ማክሰኞ ጠዋት! እንግዳ የሚወጣበት ሰዓት እኮ ነው፣ ክፍል ላይ ነኝ።

ብረት ቆጣሪ፦
በጽሑፍም ይቀበላሉ እትዬ። የ2015ቱን የሰዓት ቅነሳ ወረቀት ካስቀመጥሽው አብረሽ ላኪው። ቀዛፊው በእንግሊዝኛ ይጽፍልሻል፤ ክሩን የከፈተው እሱ አይደል።

ቀዛፊው፦
እጽፋለሁ። እትዬ፣ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።